ጀበናው ከመንደር፣ ሲኒው ከማዶ

ቡና በሚፈላበት ቤት ዓይናችሁን ረከቦቱ ላይ ለአፍታ አሳርፉ። ጀበናው ሸክላ ነው፤ ሠሪዋም ከገበያው ብዙ የማትርቅ ሴት ናት። የዕጣን ማጨሻው ሸክላ ነው። ከሰሉን የያዘው ምድጃ በብዙ ቤት ዛሬም ሸክላ ነው። ሲኒው ግን ነጭ፣ ስስ፣ ከንፈሩ ላይ ወርቅማ መስመር የዞረበት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ነው። ስሙ ራሱ አገሩን አይደብቅም። «ሲኒ» በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ነጋዴዎቹ ዕቃውን በተሠራበት አገር ስም ጠሩት፣ እኛም ስሙን ከነዕቃው ተቀበልን። ሻይም ቢሆን ዕድሉ ከዚህ አልተሻለም፤ በብርጭቆ ወይም ጆሮ ባለው የውጭ ኩባያ ይቀርባል። ዛሬ የማነሳላችሁ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ እሳት ላይ ተጥዶ የማይፈነዳ ጀበና መሥራት የቻለ እጅ፣ ከዚያው አፈር የሻይና የቡና መጠጫ ለምን አልሠራም?

የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «አፈራችን ለዚህ አይሆንም» ይላል፤ ሁለተኛው «ሠሪዎቻችን ዕውቀቱ የላቸውም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም ባይ ነኝ። አፈር አለ፤ እጅም አለ። እሳቱ እርግጥ የተለየ ነው፣ እሱን በሰፊው እናየዋለን፤ ነገር ግን እሳትም ቢሆን ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው። ከሁሉ በላይ የጎደለው ጠያቂ ነው። ጀበና ዛሬ ያለውን ብቃት ያገኘው ቡና አፍዪዋ በየትውልዱ ስለመረጠችው፣ ያንጠባጠበውን ስለመለሰች፣ አንገቱ የጠበበውን ስለነቀፈች ነው። ሸክላ ሲኒን ግን እንዲህ አድርጎ የነቀፈው የለም፤ ምክንያቱም ያዘዘው የለም። አሳቤን የማስረዳበትን ማስረጃ ከዚህም ከሩቅም አመጣለሁ። ከአንዱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጀበናው እንጀምር። መሬት ሁሉ ሸክላ አይሆንም። በደጋው ሜዳ የምናውቀው ጥቁር መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ለብቻው ዕቃ ቢሠሩበት እሳት ሳያይ ጥላ ውስጥ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ አፈሯን ትመርጣለች፤ በብዙ ቦታ ሁለት ዓይነት አፈር ትቀላቅላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች። ጠጠር ስትለቅም ያየ ሰው ንጽሕና ወዳድ ናት ሊል ይችላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። በተለይ የኖራ ድንጋይ ፍንካች በጭቃው ውስጥ ከቀረ እሳቱ ያቃጥለውና ኖራ ያደርገዋል፤ ያ ኖራ ዕቃው ከወጣ ከቀናት በኋላ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ፣ ደህና ተሠርቶ የነበረውን የዕቃ ገላ ይፈነቅለዋል። ከዚያ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ፤ እንደ አካባቢው አሸዋ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ነው። «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» የሚለውን ተረት የምንተርተው ሠሪው ለራሱ የማይረባውን ያስቀራል ለማለት ነው። ተረቱ ያላየው ነገር ቢኖር ገሉ በሠሪዋ እጅ ውድ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ዳግም አይኮማተርም፤ ተፈጭቶ ከጥሬው ጭቃ ጋር ሲደባለቅ ዕቃው ሲደርቅ የሚኮማተረውን ልክ ይቀንሳል፣ እርጥበት መውጫ ያገኛል፣ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ ከአንዱ ፍርፋሪ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል። የላቦራቶሪ መምህር ይህንኑ በሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ እሷ በጣቷ ታውቀዋለች።

እሳቱም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚነድ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ሸክላ የሚተኮሰው ግንብ በሌለው ሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ተሸፍኖ ነው። ሙቀቱ በአመዛኙ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይዋልላል። ጭቃ ለዘለዓለም ጭቃነቱን የሚተወው ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ክልል ነው፤ በማዕድኑ ውስጥ ተሳስሮ የኖረው ውኃ በዚያ ሙቀት ተፈትቶ ይወጣል፣ ከእንግዲህም ውኃ ቢዘፈዝፉት ወደ ጭቃነት አይመለስም። ስለዚህ የሜዳው እሳት ለዚህ በቂ ነው፤ ግን ገላውን አቅልጦ አያጣብቀውም። ዕቃው ጥቃቅን ቀዳዳ እንደ ሞላበት ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን የኋላቀርነት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ የጀበናን ኑሮ ልብ ብሎ ያየ ግን እንዲህ አይልም። ጀበና ከሰል ላይ ይጣዳል። አቦሉ ሲቀዳ ይወርዳል፣ ለቶናው ቀዝቃዛ ውኃ ይጨመርበትና እንደገና ይጣዳል፣ ለበረካውም እንደዚሁ። በአንድ መቀመጫ ሦስት ጊዜ ይግላል፣ ሦስት ጊዜ ይደነግጣል። ስሱን ነጭ ሲኒ ፍም ላይ አስቀምጡትና ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፤ ውጤቱን ልነግራችሁ አያስፈልግም። ድፍን ሆኖ የጠነከረ ገላ አንዱ ጎኑ ሲሰፋ ሌላው መሄጃ ያጣል። ቀዳዳና ገል የበዛበት ገላ ግን ድንጋጤውን በየጥጉ ተካፍሎ ይችለዋል። ዝቅ ያለው እሳት ለጀበና ትክክለኛው እሳት ነው ማለት ነው። የቀረውን ደግሞ ባለቤቷ ትጨርሰዋለች፤ አዲሱን ጀበና ታሟሻለች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች፤ ዘይቱና ጭሱ ገብተው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። አንዳንድ ሠሪዎች ዕቃው ገና ፍም እንደ መሰለ በጭድ ወይም በቅጠል አፍነው የሚያጠቁሩትም ከውበቱ ሌላ ይህን ጥቅም ስለሚሰጥ ነው፤ ጥላሸቱ ከቀዳዳው ውስጥ ይገባና የውኃውን መንገድ ያጠብበዋል።

ሲኒ የሚፈልገው ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እሳት ላይ አይጣድም፤ ስለዚህ የጀበና ትዕግሥት አያስፈልገውም። ከንፈር ይነካዋል፤ ስለዚህ ስስና ልስልስ መሆን አለበት። በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠባል፤ ስለዚህ ወተትና ስኳር፣ የሻይ ቀለምም በገላው ውስጥ እንዳይቀር ድፍን መሆን ይኖርበታል። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው፤ ከገላው የወጣው ላብ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለመጠጥ ውኃ ይህን የመሰለ በረከት የለም፤ ለሻይ ግን ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ ጠረጴዛውንም ያርሳል፣ ሻዩንም ያቀዘቅዛል። ገላ ድፍን እንዲሆን በውስጡ ካለው ማዕድን ከፊሉ ቀልጦ እንደ መስታወት ቀዳዳውን መሙላት አለበት፤ ይህም ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ድረስ፣ ለነጩ ሲኒ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የሜዳ እሳት እዚያ አይደርስም፤ ሙቀቱን አፍኖ የሚይዝ ግንብ፣ አየር የሚስብ ጭስ መውጫ ያስፈልጋል። ሁለተኛም ችግር አለ። ቀዩ አፈራችን ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፣ ብረት ደግሞ በእሳት ውስጥ ማቅለጥ ያፋጥናል፤ ብዙው ቀይ ሸክላ 1100 ዲግሪን ትንሽ ሲያልፍ ያብጣል፣ ይንጋደዳል፣ በመጨረሻም ይፈሳል። «አፈራችን አይሆንም» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዟል። ለጀበና የተመረጠው አፈር እንዳለ ወስዶ የቻይናን ሲኒ ልሥራ ቢሉበት በእርግጥ አይሆንም።

ግን የማን አፈር ሆኖ ያውቃል? ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ስሙን ያገኘው ጂንግዴጄን ከተባለችው የቻይና የሸክላ ከተማ አጠገብ ካለ ኮረብታ ነው። አውሮፓውያን ያንን ዕቃ ካዩ በኋላ ምሥጢሩን ፍለጋ ከሁለት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ደክመዋል፤ በመካከሉ በተራ ሸክላ ላይ ነጭ ቅብ ቀብተው አስመስለው ኖረዋል። በመጨረሻ የተሳካው በሳክሶኒ ነው። ገዥው አውግስጦስ ወርቅ እሠራለሁ ብሎ የነበረውን ቦትገር የተባለ ወጣት በቁጥጥር ስር አስቀምጦ፣ ቺርንሃውስ ከተባለው ሊቅ ጋር አፈር ሲፈትን አቆየው፤ የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቋመ። ከዚህ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ቦትገር መጀመሪያ ያወጣው ነጩን ሳይሆን ከዚያው አገር ቀይ አፈር የተሠራ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሻይ ዕቃ ነበር። ቀይ አፈርም ከተስማሚ ማዕድን ጋር ከተዋሐደና እሳቱ በልክ ከተያዘ ድፍን ይሆናል ማለት ነው። ጃፓንም ነጩን ዕቃ የጀመረችው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ ከ1592 እስከ 1598 በኮሪያ ላይ ባደረገችው ወረራ ተማርከው በመጡ ሸክላ ሠሪዎች እጅ ነው። እንግዲህ ሲኒ ከውጭ መግዛት የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ሲገዛ ኖሯል። ነጩ አፈርም ቢሆን አልተነፈገንም። በደቡብ ቦምቦውሃ የካኦሊን ክምችት አለ፣ ሐዋሳ ላለው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ይህ የፋብሪካ ሥራ ስለሆነ የእጅ ሲኒ ጥያቄን አይመልስም፤ «አፈሩ የለም» የሚለውን መልስ ግን ይዘጋል።

አሁን ከሁሉ የሚያስገርመው ማስረጃ ላይ ደረስን። በዓለም ላይ ከፍ ካለ ክብር ከደረሱት የሻይ ጽዋዎች ውስጥ አንዱ ወገን እንደ እኛ ጀበና በእጅ ብቻ፣ ያለ መሽከርከሪያ፣ ከሌሎቹ ባነሰ ሙቀት የተሠራ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ኪዮቶ ውስጥ ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ ሥርዓት መምህር (1522–1591) ጌቶች በቻይና ዕቃ ሲኮሩ እያየ፣ ከጣራ ክዳን ሸክላ ሥራ ጋር ስሙ የሚነሳውን ቾጂሮን ጽዋ አሠራው። ከዚያ የወጣው ራኩ የሚባለው ጽዋ ነው። ጥቁር ወይም ቀይ፣ ጌጥ የሌለው፣ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ከንፈሩ ፍጹም ክብ ያልሆነ። ጥቁሩ ገና ሲግም በጉጠት ከእሳት ይወጣል። ገላው ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው አየር ይይዛል፣ አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ትኩሱን መጠጥ በሁለት መዳፍ አቅፎ መያዝ ይቻላል። ስስ ሲኒ ላይ ጉድለት የሆነው ነገር እዚህ ጥቅም ሆነ። ልብ በሉ፤ ቾጂሮ ከቻይናውያን ጋር በስስነትና በንጣት አልተወዳደረም፤ ቢወዳደር ይሸነፍ ነበር። ጠጪው ሌላ ነገር ጠየቀው፦ ክብደት፣ ዝግታ፣ ለመዳፍ የሚመች ሙቀት። ሠሪው ለተጠየቀው መልስ ሰጠ። የራኩ ቤተሰብ ዛሬም በኪዮቶ ይሠራል። አንድ ሰው «ታዲያ ከአዲስ አበባዋ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ምን ለየው?» ብሎ ቢጠይቀኝ በእጅ ስልት በኩል ከምትገምቱት ያነሰ ነው እላለሁ፤ ትልቁ ልዩነት በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደንበኛ ነው።

ከቤተ መንግሥት ወርደን መንገድ ዳር እንቁም። ሕንድ ውስጥ ኩልሃድ የሚባል የሻይ መጠጫ አለ። ከወንዝ ዳር አፈር በመሽከርከሪያ ይወጣል፣ ዝቅ ባለ እሳት ይተኮሳል፣ ምንም ቅብ የለውም፣ ጆሮም የለውም። ሻይ ይቀዳበታል፣ ይጠጣል፣ መሬት ላይ ተወርውሮ ይሰበራል። ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት መሬት ያለ ጣዕም በሻዩ ላይ ይጨምራል፤ ወዳጆቹ የሚፈልጉትም ይህን ነው። የቀዳዳውን ችግር በምን ፈታው? ባለመፍታት። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል ዕቃ የትናንቱ ወተት አያሰጋውም። በ2004 የባቡር ሚኒስትሩ ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ ሻይ በየጣቢያው በኩልሃድ እንዲሸጥ አዘዙ፤ ነገሩ ቀስ በቀስ ቀረና ፕላስቲክና ወረቀት ተመለሰ። በ2020 ሌላው የባቡር ሚኒስትር ፒዩሽ ጎያል እንደገና አወጁት። ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያልተቀባ ዝቅተኛ ሸክላም ለአገልግሎቱ የሚስማማ ልማድ ካለው የሻይ ዕቃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ልማዱ በአዋጅ አይተከልም፤ ገዢው በሚከፍለው ሳንቲም ውስጥ ካልገባ አይቆይም። የተተኮሰ ሸክላ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር እንደማይሆን ግን አትርሱ። አርኪዮሎጂ የሚባለው ሙያ እንጀራውን የሚበላው በአብዛኛው በገል ነው፤ ተረቱ ለእነሱም ይሠራል።

አሁን የሚነሱትን መቃወሚያዎች ልመልስ። የመጀመሪያው የጤና ነው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። «ዝቅ ባለ እሳት የሚቀልጥ ቅብ ቀብተን እንድፈነው» ቢባል፣ በዝቅተኛ ሙቀት ቶሎ ቀልጦ የሚያበራው ጥንታዊው ቅብ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነው። ኮምጣጣ ነገር ሲነካው እርሳሱ ወደ መጠጡ ይወጣል፤ ሻይ በሎሚ የሚጠጣ አገር ይህን ሊንቅ አይችልም። ሜክሲኮ ውስጥ በእርሳስ በተቀባ ሸክላ የተነሣ የደረሰው የጤና ጉዳት እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው፤ የጥንቶቹ ራኩ ጽዋዎችም ከዚህ የጸዱ አልነበሩም። ስለዚህ ያልታወቀ የሚያብረቀርቅ ቅብ ከሚገዙ ቅብ የሌለው ጥቁር ሸክላ ይሻላል። ከእርሳስ ነጻ የሆኑ ቅቦች አሉ፤ ግን የሚገዛው ሰው ሠሪዋን «ቅቡ ከምን ነው?» ማለትን መልመድ አለበት። ሁለተኛው መቃወሚያ ማገዶ ነው። ግንብ ምድጃ ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ደን ይበላል ይባላል። ለሙቀቱ እውነት ነው፤ ሆኖም በሜዳ የሚነደው እሳት አብዛኛውን ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል፣ ግንቡ ግን ያፍነዋል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምድጃም አለ። ሦስተኛው «ሻይ በብርጭቆ ነው የሚያምረው፣ ቀለሙ ይታያል» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ልክ ነው፣ ቅመም የገባበት ቀይ ሻይ በብርጭቆ ያምራል። ብርጭቆው ይወገድ ያለም የለም።

አራተኛው መቃወሚያ በግልጽ አይነገርም፣ ብዙ የሠራው ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሸክላ ሠሪ በአገራችን የተናቀ ሰው ሆኖ ኖሯል። ዕቃዋን እየገዙ እሷን «ቡዳ» ማለት፣ ከእሷ ጋር አለመጋባት፣ ርስት መንፈግ፤ ይህ በሰሜንም በደቡብም፣ በተለያየ ስም የታየ ነው። ጎንደር አጠገብ በወለቃ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶችም ከዚህ ስድብ አላመለጡም፤ ከእነሱ ወገን እስራኤል ከገቡ በኋላም ጭቃውን ያልተዉ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የነገሩን ስፋት ያሳያል። ከሲኒው ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉኝ ይሆናል። ድስትና ምጣድ የጓዳ ናቸው፣ ጀበናም ብዙ ጊዜ ከቡና አፍዪዋ እጅ አይርቅም። ሲኒ ግን በእንግዳ ፊት ይቀርባል፣ ከከንፈር ይገናኛል፣ የቤቱን ክብር ይናገራል። የተናቀ እጅ የሠራውን ዕቃ ለጓዳ መቀበልና ለእንግዳ ማቅረብ አንድ አይደሉም። ከማዶ የመጣው ሲኒ ከጥራቱ ሌላ አንድ ጥቅም ነበረው፦ የሠሪው ፊት አይታይም። ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ግምት ነው የማቀርበው፤ ነገር ግን በአፈርም በእሳትም ያልተፈታውን የጥያቄውን ክፍል የሚፈታ ግምት ነው።

አፍሪካ ውስጥ እሳቱን ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ለእኛ የሚቀርበው የናይጄሪያው ነው። ማይክል ካርዱ የተባለ እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአቡጃ (የዛሬዋ ሱሌጃ ናት እንጂ ዋና ከተማዋ አይደለችም) የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። በአካባቢው አፈር፣ በእንጨት በሚነድ ግንብ ምድጃ፣ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የተቀባ ዕቃ ይወጣ ጀመር፤ የሻይ ማፍያም መጠጫም ይሠራ ነበር። በ1954 ላዲ ክዋሊ ገባች። ከልጅነቷ የውኃ እንስራ በእጅ እየገነባች፣ ገላው ላይ እንሽላሊትና አዞ እየቀረጸች ያደገች ሴት ናት። ስልቷን አልተወችም፤ እንደ ለመደችው ጭቃውን እየጠቀለለች በመደራረብ ትገነባለች፣ ትቀርጻለች፣ ከዚያ ያው እንስራ ተቀብቶ ወደ ትልቁ ሙቀት ይገባል። ስሟ ከናይጄሪያ አልፎ ሄደ፤ ዛሬ ምስሏ በሀያ ናይራ ብር ጀርባ ላይ አለ። «ሠሪዎቻችን ዕውቀቱ የላቸውም» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ የጎደለው ግንቡና ቅቡ እንጂ እጁ አልነበረም። ታሪኩ ግን ሌላም ጎን አለው። የማሠልጠኛው የጠረጴዛ ዕቃ ገዢዎች በአብዛኛው የውጭ ሰዎችና ጥቂት ባለ ገንዘቦች ነበሩ፤ የገበያው ሕዝብ ለዕለት ኑሮው የቆርቆሮና የፋብሪካ ዕቃ ገዛ። ምድጃ መገንባት በዓመት ያልቃል። ጠጪ መፍጠር ሌላ ሥራ ነው፣ እሱንም ምድጃው አይሠራውም።

በቅርብ ጊዜ በከተሞቻችን በሸክላ ሲኒ ቡና የሚያቀርቡ፣ በእጅ የተሠራ ኩባያ የሚሸጡ ቤቶች ብቅ ብለዋል። ይህ ጅምር ፋሽን ሆኖ እንዳይቀር ገዢው መንቀፍ መቻል አለበት፤ ለመንቀፍ ደግሞ ማወቅ። አዲስ ሸክላ ኩባያ ስትገዙ በጥፍራችሁ አንኳኩት፤ ድምፁ ታፍኖ ከቀረ እሳቱ ዝቅተኛ ነው ወይም የተደበቀ ስንጥቅ አለው፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ ገላው ተጣብቋል። ውኃ ሞልታችሁ በደረቅ ወረቀት ላይ አሳድሩት፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ክብ እርጥበት ካገኛችሁ ያልበዋል ማለት ነው፣ ለአንድ ጊዜ መጠጫ እንጂ ለዓመት አይሆንም። ከንፈሩን በከንፈራችሁ ሞክሩ፤ ወፈር ቢል አይጎዳም፣ ቢሻክር ግን መልሱት። ታቹን በጣት ዳስሱት፤ ጆሮ የሌለው መጠጫ ጣት የሚይዝበት እግር ካልተሠራለት ያቃጥላል። ጀበና ሊገዛ የሄደ ሰው ለስንት ሰው እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ አንገቱን፣ አፉን፣ እጀታውን አይቶ ይመርጣል፣ ሠሪዋም የምትሟገተው በእነዚሁ ነው። ሲኒ ይሠራልኝ ብላችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ጉንጭ ይያዝ የሚል ይሆናል፤ ልኩን ነግራችሁ ከተሠራላችሁ በኋላ ከሲኒዎቹ አንዱ ቢንጋደድ የትኛውን እንደምትመልሱና ለምን እንደሆነ ይዛችሁ ሂዱ።